«የፀሐይ ጫፍ አለፈ፣ እፎይ እንበል» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ጽሑፉን የላከችልኝ መተሐራ የምትኖረው አክስቴ ናት። ከሥሩ አንድ ጥያቄ ጽፋለች፦ «ልጄ፣ ፀሐይዋ ከበረደች መሬቱም ይተኛል ማለት ነው?» አክስቴ በ2017 ዓ.ም. ቤቷ ሌሊት ሲንቀጠቀጥ ልጆቿን ይዛ ደጅ ያደረች ሴት ናት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከእንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ዝም ብሎ ማለፍ ከበደኝ።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ፀሐይ በየ11 ዓመቱ ትነሳሳለች። በ2024 ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። የዚያ ዓመት የፀሐይ ማዕበሎች (ከፀሐይ ተወንጭፎ የሚደርሰን ጋዝ የሚያስነሳቸው) የምድርን መግነጢስ አናወጡ፤ የአዋሽ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥም ከዚያ መጣ። አሁን ጫፉ ስላለፈ እስከሚቀጥለው ዑደት እፎይ ማለት ይቻላል። መሀል ላይ የፀሐይ ዋልታዎች መገልበጣቸው የምድርንም ዋልታ ሊገለብጥ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች መግነጢሳዊ ማዕበል እንደማይነካን ይነግረናል። (የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ካላልኩ በቀር እኔም የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጸሐፊው ቅንነት አያጠራጥረኝም። ሰው ለማረጋጋት የጻፉት ነው። ግን የሚያረጋጉን የሚያሰጋው ቦታ ላይ፣ የሚያስፈሩን ደግሞ ምንም በሌለበት ቦታ ላይ ነው።

ትክክል የሆነውን ላስቀድም። ፀሐይ ዑደት አላት፤ ዑደቱም ከምድር መግነጢስ ጋር ይያያዛል። ሃይንሪሽ ሽዋቤ የሚባል ጀርመናዊ ፋርማሲስት ከ1826 ጀምሮ ሰማዩ በጠራ ቁጥር ፀሐይን በቴሌስኮፕ ይመለከት ነበር። የሚፈልገው በሜርኩሪና በፀሐይ መካከል ይኖራል ብሎ የገመተውን ፕላኔት ነው። ፕላኔቱን አላገኘም። የፀሐይን ነጠብጣቦች (ፊቷ ላይ የሚታዩትን ጥቋቁር ቦታዎች) ለዓመታት ሲቆጥር ግን ቁጥራቸው በዙር ከፍና ዝቅ እንደሚል አስተዋለና በ1844 አሳተመው። በ1852 ብሪታኒያዊው መኮንን ኤድዋርድ ሳቢን ካናዳ ቶሮንቶ እና ታዝማንያ ሆባርት ላይ የተመዘገበውን የመግነጢስ መዋዠቅ ከሽዋቤ ቁጥሮች ጋር አስተያየው። ሁለቱ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ።

ያም ሆኖ በ1892 ሎርድ ኬልቪን የሚያህል ሊቅ ግንኙነቱን እንዲያው አጋጣሚ ነው ብሎ ውድቅ አደረገው። ፀሐይ ከዚያ ርቀት ሆና የምድርን ኮምፓስ ለማነቃነቅ የሚያስፈልጋትን ጉልበት አሰላ። የማይታመን ሆነበት። ስሌቱ ላይ ችግር አልነበረም። ችግሩ ፀሐይን እንደ አንድ ትልቅ ማግኔት ከሩቅ የምትሠራ አድርጎ ማሰቡ ነው። ፀሐይ ግን ቁስ ትልካለች፤ በኤሌክትሪክ የተሞላ፣ የራሱን መግነጢስ ተሸክሞ የሚጓዝ ጋዝ። ይህን ታሪክ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬም ስህተቱ የሚመጣው «ግንኙነት አለ» ከሚለው ላይ ሳይሆን «በምን መንገድ?» የሚለው ሲዘለል ነው።

አሁን ወደ ጽሑፉ ዋና ነጥብ እንግባ፤ ጫፉ ስላለፈ ስጋቱ አብቅቷል ወደሚለው።

የነጠብጣብ ቁጥር የ13 ወር አማካይ ጫፉን የነካው በኦክቶበር 2024 ነው። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ከዚያ 13 ወር ቆይቶ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2025፣ ከአምስት ደረጃዎች አራተኛው ላይ የደረሰ ከባድ ማዕበል መጣ። አዲስ ነገርም አይደለም። በሜይ 1921 የመጣው ማዕበል እስካሁን ከሚታወቁት ኃይለኞች አንዱ ነው። ስዊድን ካርልስታድ ውስጥ የስልክ ጣቢያ አቃጥሏል፤ በአሜሪካ ቴሌግራፍ አቋርጧል። የዚያ ዑደት ጫፍ ግን 1917 ላይ ነበር። አራት ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም! በፌብሩዋሪ 1986 የመጣው ኃይለኛ ማዕበል ደግሞ ይብሳል፤ ፀሐይ ዝቅተኛው ወለል ላይ ለመድረስ ጥቂት ወራት ሲቀራት ነው የመጣው።

እነዚህን ለብቻቸው የወጡ አጋጣሚዎች ናቸው ሊሉ ይችላሉ። እንግዲያው የሙሉ ዓመት አማካይ እንይ። በ2000 ዓመታዊው የነጠብጣብ ቁጥር ወደ 174 ነበር፤ በ2003 ወደ 99 ወረደ። ኤፒ በሚባለው የመግነጢሳዊ እንቅስቃሴ መለኪያ ግን 2000 ያስመዘገበው 15 ገደማ ሲሆን 2003 ወደ 22 ወጣ። ነጠብጣቡ በግማሽ ሊቀንስ ሲቃረብ የምድር መግነጢስ ይበልጥ ተረበሸ ማለት ነው። የጣና ሐይቅን አካባቢ የሚያውቅ ሰው ይህ ብዙ አይገርመውም። ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ሐይቁ ጢም ብሎ የሚታየው ግን ዝናቡ መቀነስ ከጀመረ በኋላ ነው።

የፀሐይ መዘግየት ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ማዕበል ወደ ምድር የሚመጣበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ከነጠብጣቦች አካባቢ ድንገት የሚወነጨፍ ግዙፍ የጋዝ ደመና ነው። ይህ ነጠብጣብ በበዛበት ጊዜ ይበዛል። ሁለተኛው የኮሮና ቀዳዳ ይባላል። ኮሮና የፀሐይ ውጫዊ ከባቢ ነው። እዚያ ላይ መግነጢሳዊው መስክ ወደ ጠፈር ክፍት የሆነባቸው ሰፋፊ ቦታዎች አሉ። ከነሱ ፈጣን ነፋስ ያለማቋረጥ ይወጣል። እነዚህ ቀዳዳዎች ወደ ፀሐይ ወገብ ሰፍተው ምድር ላይ የሚያነጣጥሩት በብዛት ዑደቱ በሚወርድበት ጊዜ ነው። ፀሐይ ከምድር ሲያዩዋት በ27 ቀን አንዴ ስለምትዞር ያው ቀዳዳ በየ27 ቀኑ ይመለስብናል። ይህን ድግግሞሽ የግሪንዊቹ የሥነ ፈለክ ሰው ኤድዋርድ ማውንደር በ1904 ጽፎታል፤ የማዕበሉ ምንጭ የኮሮና ቀዳዳ መሆኑ የተረጋገጠው ግን ስካይላብ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ጣቢያ በ1973 ወደ ጠፈር ከወጣ በኋላ ነው። ምንጩ ያልታወቀው እዚያ ቦታ ላይ ነጠብጣብ ስለሌለ ነው። ሰው ነጠብጣብ ይፈልጋል፤ ፀሐይ ንጹሕ ናት፤ ማዕበሉ ግን በቀጠሮ ይመጣል።

ስለዚህ «እፎይ» የሚለው ቃል ለዚህ ጊዜ አይሆንም። ቀጣዮቹ ዓመታት የዚህ ሁለተኛው መንገድ ዓመታት ናቸው። አልፎ አልፎም የመጀመሪያው ይቀላቀልባቸዋል።

ጽሑፉ ደካማ ዑደት ደካማ ማዕበል ይሰጣል የሚል ግምትም ይዟል። በ2019 የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን ለ25ኛው፣ ማለትም ለአሁኑ፣ ዑደት 115 ገደማ የነጠብጣብ ጫፍ ተንብዮ ነበር፤ ጸሐፊው ይህን ጠቅሰው «ስለዚህም መጠነኛ ነበር» ብለዋል። ትንበያው ግን አልሠራም። ጫፉ ወደ 160 ደረሰ። ይህ ትንሽ ስህተት ነው፤ ሐሳቡ ራሱ ነው ዋናው ችግር።

ከአሁኑ የቀደመውን 24ኛውን ዑደት ውሰዱ። ካለፉት መቶ ዓመታት ደካማው ነበር። በጁላይ 23 ቀን 2012 ግን፣ በዚያው ደካማ ዑደት፣ በ1859 እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሰው ሪቻርድ ካሪንግተን ፍንዳታውን ካየው ታላቅ ማዕበል ጋር የሚወዳደር የጋዝ ደመና ከፀሐይ ተወነጨፈ። የተወነጨፈው ምድር ወደሌለችበት አቅጣጫ ነው። ከሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ላይ ነበርን። ዑደቱ ሊያልቅ ሲል፣ በሴፕቴምበር 2017፣ የዑደቱ ትልቁ ፍንዳታ ደረሰ። ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ የካሪቢያን ደሴቶችን በሚያጠፋበት ሰዓት የነፍስ አድን ሠራተኞች የሚነጋገሩበት የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ተቋረጠ። ይህን ሁሌ አስባለሁ። ከሁለት አቅጣጫ ሰማይ የወረደባቸው ሰዎች።

የትንሽ ማዕበል ነገርም አለ። ፌብሩዋሪ 2022 ላይ ስፔስኤክስ 49 የስታርሊንክ ሳተላይቶችን አመጠቀ። የመጣው ማዕበል ከአምስት ደረጃዎች ዝቅተኛው ላይ ያለ፣ በዓመት ብዙ ጊዜ የሚታይ ዓይነት ነበር። የላይኛው አየር ሞቆ አበጠ፤ ገና ዝቅ ብለው የነበሩት ሳተላይቶች በአየሩ ሰበቃ ተጎተቱ። 38ቱ ወድቀው ተቃጠሉ። ጉዳት የሚለካው በማዕበሉ መጠን ብቻ አይደለም፤ ማን የት ቆሞ እንደጠበቀውም ይወስነዋል።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው ነገር አለ፤ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። የጋዙ ደመና የተሸከመው መግነጢስ አቅጣጫ አለው። ወደ ሰሜን ከሆነ ከምድር መስክ ጋር ይገፋፋል፣ አብዛኛው ጉልበት ሸርተት ብሎ ያልፋል። ወደ ደቡብ ከሆነ ከምድር መስክ ጋር ይጋጠምና በሩ ይከፈታል። ይህን በ1961 ያስረዳው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ደንጂ ነው። አንድ ግዙፍ ደመና መጥቶ ምንም ሳያደርግ ሊያልፍ ይችላል፤ መካከለኛው ደግሞ አገር ሊያናውጥ ይችላል። አቅጣጫውን በእርግጠኝነት የምናውቀው ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በቆሙ መንኮራኩሮች በኩል ሲያልፍ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረን ከሩብ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ነው። ዑደቱ ክረምት ገባ፣ ክረምት ወጣ ይለናል። ነገ ከሰዓት በረዶ ይጥል እንደሆነ አይነግረንም።

የዋልታ መገልበጡን ነገር ቶሎ ልለፈው። የፀሐይ መግነጢሳዊ ዋልታዎች በየዑደቱ ጫፍ አካባቢ ይገለበጣሉ። ይህ በየ11 ዓመቱ የሚሆን የተለመደ ነገር ነው፤ አያቶቻችን በሕይወት እያሉ ብዙ ጊዜ ሆኗል። የምድር መግነጢስ ለመጨረሻ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የተገለበጠው ከ780,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የምድር መስክ የሚመነጨው ከእግራችን ሥር በጥልቀት ካለው የቀለጠ ብረት ነው። አዲስ አበባ ላይ ጥንካሬው ወደ 36,000 ናኖቴስላ (የመግነጢስ መስክ መለኪያ) ይሆናል። ከፀሐይ ተጉዞ የሚደርሰን መስክ በጸጥታ ቀን ጥቂት ናኖቴስላ ብቻ ነው። የሜይ 2024ቱ ትልቅ ማዕበል እንኳ በዝቅተኛ ኬክሮስ ያለውን መስክ ያወረደው 400 ገደማ ነው። ከመቶ አንድ እጅ ብትሉት ነው። በማግስቱም መመለስ ጀምሯል።

አሁን ወደ አዋሽ። ይህን ክፍል ስጽፍ እጄ ትንሽ ከብዶኛል።

ጽሑፉ የሚለው በሜይና በኦክቶበር 2024 የመጡት ሁለት ማዕበሎች የስምጥ ሸለቆውን ቀሰቀሱት ነው። መጀመሪያ ቀኑን እንይ። መንቀጥቀጡ መተሐራ አጠገብ ባለው የፈንታሌ እሳተ ገሞራ አካባቢ የጀመረው በሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ ነው። መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ፎቅ ላይ የነበረ ሰው አይረሳውም። የኦክቶበሩ ማዕበል የደረሰው መስከረም 30 ነው። አራት ቀን ዘግይቶ የመጣ ነገር ቀድሞ የጀመረውን ሊያስነሳ አይችልም። የሜዩ ማዕበል ደግሞ ግንቦት 2 እና 3፣ 2016 ዓ.ም. ነበር። ከአራት ወር በላይ ምን ሲያደርግ ቆየ? ጽሑፉ አይመልስም።

ሁለተኛ፣ ምክንያቱ ያለ ፀሐይ ይታወቃል። ከፈንታሌ ወደ ዶፈን ተራራ ባለው መሬት ሥር ማግማ (የቀለጠ አለት) አለቱን እየሰነጠቀ ወደ ጎን ተጓዘ። በሳተላይት ራዳር የመሬቱ ገጽ ሲከፈትና ከፍ ሲል ታይቷል። ስምጥ ሸለቆው እንዲህ እየተላቀቀ የኖረ ነው። መግነጢሳዊ ማዕበል ደግሞ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሰማይ ላይ ነው። መሬት ውስጥ የሚያደርሰው ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው፤ አለት የሚሰነጥቅ ጉልበት የለውም።

ሦስተኛ፣ የዓለም የመሬት መንቀጥቀጥ ቁጥር ከ11 ዓመቱ ዑደት ጋር አይወጣም አይወርድም። ፀሐይ በ2008 ከዓመቱ ቀናት ከሁለት ሦስተኛው በላይ አንድም ነጠብጣብ አልታየባትም። የቻይናው የሲቹዋን ከባድ መንቀጥቀጥ የደረሰው በዚያው ዓመት በሜይ ነው። ፀሐይ ተኝታ ምድር ነቃች። ለአክስቴ የምሰጠው መልስ እዚህ ውስጥ አለ፤ ፀሐይ ብትበርድም ባትበርድም ከመተሐራ ሥር ያለው ማግማ አያውቃትም። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው በተነሱበት አካባቢ «ጫፉ አልፏል» የሚል ወሬ ሲዞር ሰው ወደተሰነጠቀ ቤት ሊመለስ ይችላል። የምጨነቀው በዚህ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ፣ «ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን አይነካንም» የሚለው፣ ግማሽ እውነት አለው። ግማሹን ልስጣቸው። በማርች 1989 በካናዳ ኪውቤክ የኤሌክትሪክ መረቡ በ90 ሰከንድ ውስጥ ወደቀ፤ ስድስት ሚሊዮን ሰው ለ9 ሰዓት ያህል በጨለማ ቆየ። ያን ያደረገው ከአውሮራ (በዋልታዎች አካባቢ ሌሊት ሰማይ ላይ ከሚታየው ባለ ቀለም ብርሃን) ጋር የሚመጣው ኃይለኛ የሰማይ ፍሰት ነው፤ የአካባቢው አለት ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ መሆኑም አባብሶታል። እኛ ከዚያ ሩቅ ነን። የኛ ትራንስፎርመር የሚቃጠልበት ምክንያት ሌላ ነው።

ግን መግነጢሳዊው የምድር ወገብ የሚያልፈው በኛው አገር ላይ ነው። የዓለም የጂኦፊዚክስ ዓመት ተብሎ በተሰየመው ጊዜ፣ በ1958፣ አዲስ አበባ ላይ የመግነጢስ መመዝገቢያ ጣቢያ የተቋቋመው ለዚህ ነው። እዚህ የመግነጢስ መርፌው ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ልክ እንደ ጠረጴዛ ተጋድሞ ይቆማል። ከአናታችን 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቀን ቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ የኤሌክትሪክ ወንዝ አለ፤ ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት ይባላል። ቀጭን ነው፣ ግን ብርቱ። ፀሐይ ጫፍ ላይ ስትደርስ ጨረሯ የላይኛውን አየር ኤሌክትሪክ ወደተሸከሙ ቅንጣቶች ይበልጥ ስለሚከፋፍለው ወንዙ ይሞላል። ስለዚህ እኛ ጋ የፀሐይ ዑደት ማዕበል ባይኖርም፣ በማንኛውም ተራ ማክሰኞ፣ በመርፌው የቀን መወዛወዝ ላይ ይታያል።

ጸሐፊው ቢያውቁት ደስ የሚላቸው አንድ ነገር አለ። የማዕበልን ትልቅነት የሚለካው ዲኤስቲ የተባለ ቁጥር የሚሰላው ከአራት ጣቢያዎች ነው፦ ከጃፓን ካኪዮካ፣ ከሆኖሉሉ፣ ከፖርቶ ሪኮ ሳን ሁዋን እና ከደቡብ አፍሪካ ሄርማነስ። ከዋልታ አካባቢ አንድም የለም። ማዕበል ሲመጣ ምድርን እንደ ቀለበት የሚከብ ፍሰት ይፈጠራል፤ መስኩን በደንብ የሚያወርደው በዝቅተኛ ኬክሮስ ነው። የአዲስ አበባው ጣቢያ ከመካከላቸው የሌለው ማዕበሉ ስለማይደርስበት አይደለም። የኛው ኤሌክትሮጄት በጣም ብርቱ ሆኖ መለኪያውን ስለሚያዛባው ነው።

በኑሮስ? በጂፒኤስ መሬት የሚለካ ሰው ጠይቁ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከኛ በላይ ያለው አዮኖስፌር (ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች ያሉበት የላይኛው አየር) ውስጥ አረፋ የሚመስሉ ባዶ ቦታዎች ይነሳሉ። የሳተላይት ምልክት በነሱ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ይህ የሚበዛው በመግነጢሳዊው ወገብ ዙሪያ ነው። የሚብሰው በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ ፀሐይ በነቃችባቸው ዓመታት ነው። የፀሐይ ፍንዳታ ጨረር ደግሞ በ8 ደቂቃ ይደርሳል፤ የአጭር ሞገድ ሬዲዮን በይበልጥ የሚያፍነው ፀሐይ አናት ላይ ባለችበት አገር ነው። ያ አገር ኖርዌይ አይደለም።

ለአክስቴ ደውዬ ነገርኳት። ስልኳን ማጥፋት እንደሌለባት፣ የተሰነጠቀው ግድግዳ በባለሙያ ሳይታይ ቤት ውስጥ መተኛት እንደሌለባት፣ ፀሐይ በዚህ ነገር እጇ እንደሌለበት። «እና እሱ የጻፈው?» አለችኝ። ለሱ እጽፍለታለሁ አልኳት። ይኸው ጻፍኩ። ጸሐፊው ሌላውን ባይቀበሉኝ እንኳ የአዋሹን አንቀጽ ቢያነሱት ወይም ቀኖቹን ቢያርሙት እለምናቸዋለሁ፤ መተሐራ ላይ ዛሬም እየተነበበ ነው።